ለአማርኛ መጻሕፍት የሙከራ ልባድ፦ በአልቪን ሉስቲግ መንገድ የሞከረ አለ? (ደሴ እና ኮምቦልቻ)

ጉም በደሴ፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። የዕለት ሥራዬ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ ደረሰኝና ማኅተም ነው። አልፎ አልፎ የመጽሐፍ ሽፋን የሚያሠሩ ደራስያን ይመጣሉ። ትእዛዛቸው ተመሳሳይ ነው፦ በሐሳብ የተዋጠ ፊት፣ ከጀርባው የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ከላይ ወርቅ የተቀባ የሚመስል ርዕስ። እሠራለሁ፤ ይከፍላሉ፤ ይሄዳሉ።

በትርፍ ጊዜዬ ግን የአልቪን ሉስቲግ ሥራዎች ለክፈውኛል። ለማያውቀው ላስተዋውቅ። በ1915 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዴንቨር ተወልዶ በ1955 ገና በአርባ ዓመቱ ያረፈ ንድፍ አውጪ ነው። ሲጀምር በእጁ የነበረው አነስተኛ ማተሚያ፣ የእርሳስ ፊደል (ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ የማተሚያ ፊደል) እና ከፊደሉ ጋር የሚመጡት ጌጦች ናቸው፤ መስመር፣ ነጥብ፣ አራት ማዕዘን። እነዚያን ቁርጥራጮች እየገጣጠመ ማንም ያላሰባቸውን ቅርጾች አወጣባቸው። በ1941 «ኒው ዳይሬክሽንስ» ለተባለው አሳታሚ የሠራው የሄንሪ ሚለር መጽሐፍ ልባድ (ሽፋኑ ላይ የሚለብሰው ወረቀት) የተገነባው ከእነዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ የአሳታሚው ባለቤት ጄምስ ላፍሊን የካፍካን፣ የሎርካን፣ የሌሎችንም መጻሕፍት ሰጠው። ብዙዎቹ ልባዶች በሁለትና በሦስት ቀለም ያለቁ ናቸው።

እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው። መጽሐፉን ያነባል፤ ከታሪኩ አንዱን ትዕይንት መርጦ አይሥልም። ደራሲውን ያስጻፈውን ስሜት ይፈልግና በራሱ ምልክት መልሶ ይናገረዋል። ለአንዱ ደራሲ ያወጣውን መልክ ለሌላው አይደግምም።

እኔም ልባድ መሥራት ጀምሬያለሁ። ልባድ የምለው ሽፋኑ ላይ የሚለብሰውን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ውስጥ የሚታጠፉትን ተነቃይ ወረቀት ነው። በተማሪነታችን ሁላችንም ደብተራችንን በጋዜጣና በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለብደናል፤ ነገሩ ያው ነው። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ሽፋኑ የማይስማማኝን መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ አወርድና ሌላ አለብሰዋለሁ።

አሁን የያዝሁት ግን ጨዋታ አይደለም። አንድ የከተማችን ገጣሚ ያልታተመ የግጥም ስብስቡን አምኖ ሰጥቶኛል። ግጥሞቹ ስለ መጠበቅ ናቸው፤ የሚመጣው ሰው አይታወቅም፤ ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል። የጦሳን ተራራ ሥዬ ጉም ባለብሰው ደሴን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል፤ እኔም የምሸሸው ያንን ነው። ሉስቲግ ጌጦቹን እንደ ተጠቀመ እኔ ሁለት ነጥብን (፡) ይዣለሁ። ከታች ጥቅጥቅ ብለው ተደርድረው ወደ ላይ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ከጫፍ ሲደርሱ ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። ርዕሱ መካከል ላይ፣ ነጥቦቹ በለቀቁለት ቦታ ይቀመጣል። ቀለሙ ሁለት፦ ጠቆር ያለ ሰማያዊና የሸክላ ዓይነት ቀይ።

በፊደላችን እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ ሰው አለ? ርዕሱ በምን ዓይነት ፊደል ቢሆን ይሻላል? በሁለት ቀለም ሳሳትምስ ምን ልጠንቀቅ?

አዟሪው፦

እህት ዓለም፣ እኔ ከሸዋ በር እስከ መናፈሻ መጽሐፍ በክንዴ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ሰው መጽሐፌን የሚያየው እኔም እየሄድሁ፣ እሱም እየሄደ ነው። ዐይን ዐይንን ይፈልጋል። ፊት ያለበት ሽፋን ቆም ያሰኛል፤ ነጥብ በነጥብ የሆነውን ባሳየው «የሒሳብ ነው?» ይለኛል። ጥበቡን አልነቅፍም፤ ገበያውን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የእርሳስ ፊደል፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ በወጣትነቴ ፊደል ለቃሚ ነበርሁ። የዛሬ ልጆች ይህን ሥራ አያውቁትም፤ ከሣጥን ሣጥን እየለቀምን፣ ቃል በቃል፣ መስመር በመስመር በእጅ የምንደረድረው ማለቴ ነው። የፈረንጅ ፊደል ለቃሚ አንድ ቦታ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ ይለቅማል። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ እኛ እየተራመድን ነበር የምንለቅመው። ማታ እግር እንጂ እጅ አይደለም የሚደክመው።

ሁለት ነጥብን መምረጥሽ ደስ አሰኘኝ። ድሮ በየቃሉ መካከል ይገባ ስለነበር ከሣጥኖቹ ሁሉ የሱ ነበር የሚሞላው። ባዶ ቦታ ሲተካው ያ ሁሉ እርሳስ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። የእኛ ማተሚያ ቤት እንደ ፈረንጆቹ የጌጥ ብዛት አልነበረውም፤ ባለን ነበር የምንጫወተው። ለሠርግ ጥሪ ጠርዝ አራት ነጥብን (።) በተርታ እንደረድርና መሐል መሐሉን በመስመር እንዘጋው ነበር። ከሩቅ ሲያዩት የጥልፍ ጥለት ይመስላል። ይህን ያስተማረኝ አለቃዬ ሉስቲግን ሰምቶ አያውቅም።

አንድ ምክር አለኝ። ነጥቦቹን ኮምፒውተር ላይ አትደርድሪያቸው። እዚያ አንዱን ነጥብ ሺህ ጊዜ ብትደግሚው ሺሁም አንድ ነው። እርሳሱ ላይ ግን አንዱ ጠርዙ ተበልቷል፣ አንዱ ቀለም ጠግቧል፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ሳይነካ ያልፋል። ጉም ከፈለግሽ ጉሙ ያለው እዚያ ነው። ያረጁ ፊደሎች ያሉት ማተሚያ ቤት አይጠፋም፤ ከነክፈፉ አስረሽ፣ ቀለም ቀብተሽ፣ በእጅ ጫን እያልሽ ቅጂ አውጪና በስካነር አስገቢው።

ጉም በደሴ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሣጥኑን ነገር ሲነግሩኝ ሥራው ሌላ መልክ ያዘልኝ። እርሳሱን ካገኘሁ እርስዎ መጥተው ቢያስሩልኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

የእርሳስ ፊደል፦

ጉልበቴ ከፈቀደ እመጣለሁ። ቡናው ያንቺ ነው።

ቃል ብቻ፦

በዚህ ክር ላይ ደራሲ ስላልተናገረ ልናገር። ሉስቲግ ሉስቲግን ይጥቀመው፤ ጀርባውን የያዘው ማን ነበር? ጄምስ ላፍሊን በብረት ፋብሪካ የበለጸገ ቤተሰብ ልጅ ነው። መጽሐፍ ባይሸጥለት እራቱን አይዘልም። እኔ ልቦለዴን የማሳትመው ከቁጠባ ማኅበር ተበድሬ ነው። የኔ አንባቢ መጽሐፉን አንሥቶ ስለ ምን እንደሆነ ከሽፋኑ ካልገባው መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ብድሩ ግን ከኔ ጋር ይቀራል። ዲዛይነር በሰው መጽሐፍ ላይ ራሱን ሲገልጥ ማየትም አድክሞኛል። የደራሲውን ስሜት መልሶ ይናገራል ማለት ቀላል ነው፤ ደራሲውን የጠየቀው አለ?

ጉም በደሴ፦

ወንድሜ፣ የብድሩን ነገር አልከራከርህም፤ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር ልበል። ሉስቲግ ፎቶግራፍ የሚጠላ ሰው አልነበረም። የሎርካ ሦስት ተውኔቶች ልባድ ጎን ለጎን የተደረደሩ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ቅንብር ነው። የሚያውቁት ነገር ነው የሚታየው፤ አንዱ ከሌላው አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሌላ ይሆናል። አንተም ፊት ከፈለግህ ፊት ይኑር፤ ፊቱ በሐሳብ ተውጦ አድማስ ባያይ ብቻ ነው የምለምንህ።

ሁለተኛ፣ ልባድ ይነቀላል። መጽሐፉ ተራ ሽፋኑን ለብሶ ይታተም፤ ከመካከሉ ጥቂቱን ቅጂ ልባድ አልብሰን እንየው። ሙሉውን ኅትመት አደጋ ላይ አንጥልም።

ገጣሚውን ደግሞ ጠይቄዋለሁ። ነጥቦቹን አይቶ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ከላይ የቀሩትን ጥቂቶቹን አታጥፊያቸው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ሐይቅ ማዶ፦

በፈረንጅ ምሳሌ ብቻ መሄዳችን ቅር አሰኝቶኝ ነው የገባሁት። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ለዚያ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው ወንጌል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። የጥንት የብራና መጽሐፍ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ሐረግ ነው፤ ታሪክ አይተርክም፣ ማንንም አይወክልም፤ መስመር በመስመር ተጠላልፎ «አሁን ንባብ ይጀምራል» ይላል። ውጩን ብታዩ የእንጨት ገበታው በድጉስ ቆዳ ተሸፍኗል፤ መስቀሉና መስመሮቹ በጋለ ብረት የተረገጡ ናቸው። ከዚያ በላይ ማኅደሩ አለ። እንግዲህ ይህ ልባድ ካልሆነ ምን ይባላል? በወሎ ሼኾች ቤት ያሉት የዐረብኛና የዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) መጻሕፍትም የቆዳ ልብሳቸው በቅርጽ እንጂ በሥዕል አያጌጥም። ለወሎ ሰው ፊት የሌለበት መጽሐፍ እንግዳ ነው ማለት ይከብደኛል።

የእርሳስ ፊደል፦

መምህር፣ ያሉት መልካም ነው፤ ግን ሐረግን ከእነዚህ ሙከራዎች ጋር አንድ አናድርገው። ሐረግ ሥርዓት አለው፤ ጸሐፊው ከመምህሩ የወረሰውን ነው የሚሠራው። ይህች ልጅ የምትለው ደግሞ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አዲስ ነገር መፍጠር ነው። መንገዱ ለየቅል ነው።

ሐይቅ ማዶ፦

በዚህስ እስማማለሁ። እንዲያውም የምፈራው ይህን ጽሑፌን አንብቦ አንዱ ሐረግ ከኢንተርኔት ቆርጦ ልቦለድ ላይ እንዳይለጥፍ ነው። በአገራችን ሽፋን ላይ ጥለትና ሐረግ ስንት ጊዜ ተለጠፈ! ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ከኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕሉን «የፈረንጅ ነው» ያሉት ነበሩ። ሰውየው ግን በአማርኛ የሚቀኝ ገጣሚ ነበር። አገራዊነት በጌጡ ዓይነት ብቻ የሚለካ ከሆነ የእሱን ሥራ የት እናስቀምጠዋለን?

ሐረጎ ላይ፦

ከኮምቦልቻ ነኝ፤ በጨርቅ ኅትመት ሥራ ላይ ነው ያለሁት። ስለ ሁለቱ ቀለም ልመልስ፤ ሌላውን ክርክር ለናንተ ትቻለሁ።

ሰማያዊውና ቀዩ የሚነባበሩበት ቦታ ካለ ሦስተኛ ቀለም በነጻ ታገኛለሽ፤ ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡና የሚያደላ። ጨርቅ ላይ ሁልጊዜ የምንሠራው ይህንኑ ነው። ቀለሞቹ ግን አሳላፊ መሆን አለባቸው፤ ደፋኝ ቀለም ከሆነ የላይኛው የታችኛውን ይቀብረዋል። ፋይሉን ስትሰጪ ሰማያዊው ከቀዩ ሥር እንዳይቆረጥ፣ ቀዩ በላዩ እንዲታተም ማዘዝ አለብሽ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ከሥሩ ነጭ ቀዳዳ ይከፍትና ወረቀቱ ትንሽ ሲንሸራተት በየነጥቡ ዙሪያ ነጭ ክር ይወጣል። በትንንሽ ነጥቦች ላይ ይህ ከተፈጠረ ሥራው ሞተ።

ወረቀቱን ደግሞ አስቢ። መጽሐፉ 14.8 በ21 ሳንቲሜትር ከሆነና ውፍረቱ 1.5 ከሆነ፣ ፊቱ፣ ጀርባውና ጎኑ አንድ ላይ 31.1 ይመጣል። ኤ3 ወረቀት 42 ነው። ለሁለቱ እጥፎች የሚቀርሽ 10.9፣ ለያንዳንዳቸው 5.4 ገደማ ነው፤ የሚቆረጠውን ጠርዝ ስትቀንሺ ከዚያም ያንሳል። እጥፉ ሲያጥር ልባዱ ከመጽሐፉ እየወለቀ ያስቸግራል። 32 በ45 ወረቀት የሚያስገባ ማሽን ፈልጊ፤ ያኔ እጥፉ እስከ 6.5 ይደርስልሻል። የወረቀቱ ክብደት 130 ወይም 150 ግራም ይበቃል። የወረቀቱ ጭረት (ክሮቹ የተኙበት አቅጣጫ) ከመጽሐፉ ጎን ጋር ትይዩ መሆኑን ሳታረጋግጪ እንዳታሳትሚ፤ አለበለዚያ መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ ለመጠቅለል ሞክሪ፤ ሳያስቸግር ሲታጠፍ የመታጠፊያው መስመር የሚሄድበት አቅጣጫ ጭረቱ ነው።

ጉም በደሴ፦

ይህንን አትሜ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ። ርዕሱስ? ፊደሉ ላይ ማንም አልመለሰልኝም። ያሉኝን የኮምፒውተር ፊደሎች ሁሉ ሞከርሁ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ሉስቲግ አንዱን ፊደል አግዝፎ ሌላውን በማሳነስ የሚያገኘውን ከፍታና ዝቅታ እኔ ከየት ላምጣ?

ሰኞ ገበያ፦

ከቅጥያዎቹ። የራብዑ እግርና የሳድሱ መሰበር የተለያየ ከፍታ ይሰጡሻል። ርዕሱ ውስጥ እግራቸው የረዘመ ሆሄያት ካሉ እነሱን ወደ ታች፣ ነጥቦቹ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ በእጅሽ ሳቢያቸው። ሉስቲግ ራሱ ብዙ ጊዜ ርዕሱን በእጁ ይጽፍ ነበር። የኮምፒውተር ፊደል ፍለጋውን ተዪው።

ሌላም ልጨምር፤ አስተማሪ ስለሆንሁ የቤት ሥራ መስጠት ይቀናኛል። ሉስቲግ በስኳር በሽታ ምክንያት በመጨረሻ ዐይኑን አጥቷል። ሥራውን ግን አላቆመም። ለባለቤቱ ለኢሌይንና ለረዳቶቹ መጠኑን፣ ቦታውን፣ ቀለሙን በቃል ይነግራቸው ነበር፤ ቀለሙን የሚያውቁትን ዕቃ እየጠቀሰ። እሱ ካረፈ በኋላ ኢሌይን የጀመራቸውን ሥራዎች ጨረሰች፤ የኒው ዮርኩ የሲግራም ሕንፃ ጽሑፍ አንዱ ነው። ከዚያ በራሷ ስም የታወቀች የመጽሐፍ ልባድ ሠሪ ሆነች። (ሰውየው ሄሊኮፕተርም ነድፏል፤ ከጉዳያችን ውጭ ቢሆንም ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም።)

ስለዚህ ልባድሽን ምስል ሳታሳዪ እዚህ በጽሑፍ ንገሪን። ሐረጎ ላይ ይሣለው።

ጉም በደሴ፦

እሺ። ወረቀቱ ያልነጣ ነጭ፣ የወተት ቀለም። ነጥቦቹ ዝናብ ያረሰረሰው አስፋልት ዓይነት ሰማያዊ። ከግርጌ ይነሣሉ፤ አንዱ ሌላውን እስኪነካ ይጠጋጋሉ። ወደ ላይ ሲሄዱ ይራራቃሉ። ርዕሱ መካከል፣ በቀይ፣ የሸክላ ምጣድ ቀለም። የገጣሚው ስም ከታች፣ ትንሽ።

ሐረጎ ላይ፦

ሣልሁት፤ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ። ሁለት ነገር አልነገርሽኝም። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ከታች ነጥቦቹ ከተነካኩ ስሙ የት ይቀመጣል? እኔ ወደ ውስጠኛው እጥፍ ወሰድሁት። ሁለተኛው የመጽሐፉ ጎን ነው። ፊቱን ብቻ ነው የተረክሽው። ስለዚህ ነጥቦቹን ሳላቋርጥ ጎኑን አልፈው ወደ ጀርባ እንዲሄዱ አደረግሁ። ርዕሱን ጎኑ ላይ ሆሄያቱን ሳላስተኛ አንዱን ከአንዱ በታች ደረደርሁት። ፊደላችን ሲቆም ያምርበታል፤ የላቲኑ እንዲህ ሲደረግ የሱቅ ምልክት ይመስላል።

አዟሪው፦

ይሄን ጎን እንደገና አሳዩኝ።

እህት ዓለም፣ ቀድሞ ያልኩት እንዳለ ነው፤ ፊት ያቆማል። ነገር ግን በክንዴ ከምይዛቸው መጻሕፍት ፊታቸው የሚታየው የላይኛውና ደረቴ ላይ የማስደግፈው ናቸው። የቀሩት ሁሉ ተከምረው የሚታየው ጎናቸው ነው። ደንበኛዬ አንገቱን እየጠመዘዘ ነው ርዕስ የሚያነብበው፤ የማንኛውም መጽሐፍ ጎን ደግሞ ጥቁር በነጭ፣ ነጭ በጥቁር ነው። ይህ ነጥብ የሞላበት ከክምሩ መካከል ከሩቅ ይለያል። ፊቱን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ጎኑን ግን እንዳትነኪው።

ቃል ብቻ፦

አዟሪው ከተሸነፈ እኔ ምን ቀረኝ?

አዟሪው፦

አልተሸነፍሁም። ስለ ጎኑ ነው ያወራሁት።

ጉም በደሴ፦

ፊቱን ትቼ ከጎኑ ልጀምር ነው እንግዲህ። ጋሼ፣ እርሳሱን አግኝቻለሁ፤ አንድ ማተሚያ ቤት ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ፣ ሁለት ነጥቡ ከነሣጥኑ ሙሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢመቸዎት መኪና ልኬ አስመጣዎታለሁ። ክፈፉን መጀመሪያ ለጎኑ ነው የምናስረው፤ 1.5 ሳንቲሜትር በ21። ስሙን እንደ ሐረጎ ላይ ወደ እጥፉ አልወስደውም፤ የገጣሚ ስም አይደበቅም። ከነጥቦቹ በላይ፣ ከቀሩት ጥቂቶች አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

የእርሳስ ፊደል፦

ቅዳሜ ጥሩ ነው። ለማጽጃ ላምባና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አዘጋጂ። አቧራው ከደረቀ ቀለም ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግማሽ ቀን ማጽዳት ብቻ ነው የምንሠራው።

ቃል ብቻ፦

ለኔ ልቦለድም ጎኑን ብቻ ብትሠሪልኝ ስንት ትጠይቂኛለሽ? ፊቱ እንዳለ ይቆያል።

ጉም በደሴ፦

ጎን ብቻ የሚባል ልባድ የለም ወንድሜ፤ ወረቀቱ አንድ ነው። ግን ረቂቁን ላክልኝና ላንብበው። ሳላነብ ዋጋ አልናገርም።

አዟሪው፦

ከታተመ በኋላ ለሙከራ ጥቂት ቅጂ ስጡኝና ልዙርባቸው። ግን አስቀድመን እንነጋገር፦ ዝናብ ቢመታቸው ወይም ልባዱ በእጄ ላይ ቢቀደድ ማን ነው የሚከፍለው?

ጉም በደሴ፦

ለያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት ሁለት ልባድ አትማለሁ፤ አንደኛው መለዋወጫ ነው። የወረቀቱ ወጪ በእኔ። መጽሐፉ ራሱ ከረጠበ ግን ከገጣሚው ጋር ተነጋገር።